የውሃ ሰልፉ ሥዕል ከነማሻሻያዎቹ

መሥሪያ ቤታችን ስላከናወነው ታላቅ ሥራ ወደፊት ብዙ ይጻፋል። የሚጽፉት ሰዎች ግን በቦታው አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ቃል ከራሴ ጨምሬ አላውቅም፤ የተባለውን ብቻ ሳይሆን መባል የነበረበትንም በታማኝነት ጽፌያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። የተጠራጠረ ሰው ቢኖር ከእያንዳንዱ ስብሰባ ግርጌ የስድስት ሰው ፊርማ ያገኛል።

ነገሩ የተጀመረው ከበላይ መሥሪያ ቤት በመጣ ሰርኩላር ነው። ሰርኩላሩ እንደሚለው፣ ከየከተማው የሚላኩት የችግር ሪፖርቶች ከመወፈራቸው የተነሳ አንባቢ አጥተው ሠራተኞቹ ወንበር ሲጎድል ይቀመጡባቸዋል። በመሆኑም ከእንግዲህ ወዲህ ማንኛውም ከተማ ችግሩን በአንዲት ሥዕል ብቻ፣ ያውም በጃፓን የእንጨት ሕትመት ዘዴ ገልጾ እንዲልክ ታዟል። ለምን የጃፓን? የበላይ ኃላፊው በቅርቡ ለዘጠኝ ቀን የልምድ ልውውጥ ጃፓን ደርሰው ተመልሰዋላ! ሌላ አገር ሄደው ቢሆን ኖሮ ችግራችንን በምን እንገልጽ እንደነበር አንድዬ ያውቃል። በሰርኩላሩ መጨረሻ ላይ ግን ሁላችንንም ከወንበራችን ያስነሳ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ችግሩን ከሁሉ አብልጦ ላሳየ ከተማ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ወር ውስጥ ይላክለታል።

የኛ ከተማ ችግር የአደባባይ ምስጢር ነው። የውሃ መሳቢያው ሞተር ከተቃጠለ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ለጠቅላላው ሕዝብ የቀረው ከገበያው ጀርባ ያለው አንድ ቧንቧ ሲሆን፣ እሱም ሲፈልግ ያንጠባጥባል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። ባለቤቴ ጠዋት ጄሪካኗን ይዛ ትወጣለች፤ ለምሳ ከደረሰች ዕድለኞች ነን። ቤታችን ያለው በርሜል ከደረቀ ስለቆየ ልጆቹ አፋቸውን አስገብተው ይዘፍኑበታል፤ ድምፁ ያምራል። ሞተር ያስፈልገን ነበር። ሌላ ምንም አላማረንም፤ አንድ ሞተር ብቻ።

ዕድላችን ሆኖ የባለቤቴ ታናሽ እህት ቀራጭ ናት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ጃፓናዊ መምህር ይህንኑ ጥበብ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሯት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ መሮዎቹን ትቶላት ሄዷል። በከተማው ውስጥ ሥራውን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ መሥሪያ ቤታችን ግልጽ የውድድር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ተወዳዳሪዎችን አወዳድሮ፣ እሷን ሁለተኛ አድርጎ መረጣት። አንደኛ የሚሆን አልተገኘም።

«ጋሼ፣ የድሮዎቹ ጃፓኖች ጌቶችን ብቻ የቀረጹ እንዳይመስልህ» አለችኝ፣ በዚያ ደስታዋ። «ድልድይ ላይ ዝናብ የያዘውን መንገደኛ፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ዓሣ ሻጩን ሁሉ ቀርጸዋል። መንደሩ ራሱን አይቶ ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ ደግሞ ትንሽ ያፍራል። እኔም ሰልፋችንን ነው የምቀርጸው፤ እንዳለ፣ ምንም ሳልቀባባ።»

እንዳለችውም ሠራችው። አርባ ሦስት ሴቶች በየተራቸው ቆመዋል። አንዷ ለሌላዋ ሐሜት ታቀብላለች፤ አንዷ የልጇን ፊት በምራቋ ትጠርጋለች፤ አንድ ሽማግሌ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ፤ አርባ ሦስቱም ሴቶች የሚያዩት ከቧንቧው አፍ ላይ ልትወድቅ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ ነው። ሰባተኛዋ ሴት ባለቤቴ ናት። በጄሪካኗ እጀታ ላይ ካሰረችው ጨርቅ ለየኋት። እውነቱን ልናገር፣ አይቼ ሳቅኩ፤ ስቄ ስጨርስ ደግሞ ትንሽ አፈርኩ።

«ይሄ ሞተር ያመጣልናል?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ሰርኩላሩ ያመጣል ይላል።»

«ሰርኩላሩን ተወውና አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ቃለ ጉባኤ ነው የምይዘው።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉ በስስ ወረቀት ይሣልና በፊቱ ተደፍቶ ሳንቃ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ መስመር ያልሆነው እንጨት ሁሉ በመሮ ተፈልፍሎ ይወጣል። ቁሞ የቀረው መስመር ቀለም ይቀባል፤ እርጥብ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ የወረቀቱ ጀርባ በክብ ማሻ ይታሻል። ለእያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ ሳንቃ አለው። ቀራጯ ይህን ሁሉ ለገምጋሚ ኮሚቴው አስረድታ ሲያበቃ አንድ ማሳሰቢያ ጨመረች።

«ከሳንቃ ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይቻልም። አንዴ የተፈለፈለ አይመለስም።»

«በጣም ጥሩ» አሉ ክቡር ዳይሬክተራችን። «ከኛ አሠራር ጋር የሚሄድ ጥበብ ነው።»

የመጀመሪያው ግምገማ የተካሄደው ሳንቃው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ስድስታችን ዙሪያውን ከብበን ነው። ክቡር ዳይሬክተር መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሰልፉ ረዘመ» አሉ።

«ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ነው» አለች ቀራጯ።

«ረጅም መሆኑን ማን ካደ? እኔ የምለው ረዘመ ነው።»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ጉዳዩን በሙያ ቋንቋ አቃኑት። «ሰልፉ ከነባራዊው ሁኔታ ጋር የሚጣጣም ቢሆንም ከገጽታችን ጋር አይጣጣምም። ስለዚህ ከባለድርሻ አካላቱ የተወሰኑት ቢቀነሱ።»

«ባለድርሻ አካላቱ እነማን ናቸው?» አለች ቀራጯ።

«ሴቶቹ።»

በሙሉ ድምፅ ሃያ ሴቶች ተቀነሱ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ውሳኔ በተወሰነበት ቀን ሲፈጸም ያን ጊዜ ገና ማየታችን ነበር፤ መሮ ደብዳቤ አይጠብቅም። ባለቤቴ ከተቀነሱት ውስጥ ነበረችበት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሰባተኛዋ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቤት ስገባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ሥዕሉ ላይ አለሁ አይደል?»

«ነበርሽ።»

«ነበርሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ተሻሽለሻል።»

ያን ዕለት እራት የበላሁት ብቻዬን ነው።

ማሻሻያው በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው ስብሰባ ልጇን በምራቋ የምትጠርገው እናት በንጽህና ጉድለት ከነልጇ ተነሳች። በሦስተኛው ሐሜተኞቹ በሥነ ምግባር ምክንያት ተሰናበቱ። በአራተኛው ስብሰባ ምክትል ዳይሬክተሩ ያቺን ጠብታ በእርሳሳቸው ጫፍ አመለከቱ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ የሀብት ብክነትን ያሳያል አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ጠብታዋ ተነሳች። ጠብታዋ ስትነሳ ደግሞ የቀሩት ሴቶች የሚያዩት ነገር አጡና ያለ ሥራ የቆሙ መሰሉ። ያለ ሥራ መቆም በመመሪያ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለአንድ ቧንቧ አንድ ሰው ይበቃል ተብሎ ከመጨረሻዋ በቀር እነሱም ተነሱ። ሳንቃው ላይ የቀሩት አንድ ደረቅ ቧንቧ፣ ከሰልፉ መጨረሻ የነበረች ሻሽ ያሰረች ሴትዮና የሚያንቀላፉት ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንጨቱ አለቀ እኮ» አለችኝ ቀራጯ በጆሮዬ።

«ታገሺ። ሞተሩን አስቢ።»

«ሞተሩን ባላስብማ ኖሮ ይሄ መሮ ሌላ ቦታ ነበር የሚሰካው።»

በአምስተኛው ስብሰባ ምክትሉ ከባድ ጥያቄ አነሱ። «በዚህ ሥዕል ላይ አመራሩ የት አለ?»

ሁላችንም ሳንቃው ላይ ፈለግን። እውነትም አመራሩ የለም።

«ውሃ ሊቀዳ አልመጣማ» አለች ቀራጯ።

«ይጨመር» አሉ ክቡር ዳይሬክተር።

«መጨመር አይቻልም ብዬ ነበር እኮ።»

ኃላፊዋ እንደ ልማዳቸው ደረሱልን። «መጨመር ካልተቻለ ያለው ይሻሻል። የዚች ሴትዮ ሻሽ ቢነሳ ከሥሩ ምን ይቀራል?»

«ፀጉር አልቀረጽኩላትም» አለች ቀራጯ። «መላጣ ነው የሚቀረው።»

ሁላችንም ሳናስበው ወደ ክቡር ዳይሬክተር ራስ ተመለከትን። ወዲያው ደግሞ ሁላችንም ወደ ጣሪያው ተመለከትን።

«ቀጥዪ» አሉ ክቡር ዳይሬክተር፣ ራሳቸውን እየዳሰሱ።

ሻሹ ተነሳ። የሴትዮዋ ቀሚስ ጥቂት ተፈልፍሎ ረጅም ካፖርት ወጣው። የያዘችው ጄሪካን አንገቱ ሲቆረጥ ባለ እጀታ የሥራ ቦርሳ ሆነ፤ ይህን ያየ ሰው እስከ ዛሬ በየቢሮው ያየውን ቦርሳ ሁሉ ይጠራጠራል። ሽማግሌውም ክራቫት መሰል ነገር ደረታቸው ላይ ተተወላቸውና ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እዚህ ላይ ግን ተቃውሞ ተነሳ።

«እኔ ተኝቼ?» አሉ ምክትሉ።

«አልተኙም» አሉ ኃላፊዋ። «ጥልቅ ስትራቴጂያዊ እሳቤ ላይ ነዎት።»

«ዓይኔ ተጨፍኗል እኮ!»

«ወደ ውስጥ እየተመለከቱ ነው።»

ምክትሉን በየስብሰባው በዚሁ ሁኔታ ስለምናውቃቸው መመሳሰሉን የካደ ሰው አልነበረም። ክቡር ዳይሬክተር ከቧንቧው በስተቀኝ፣ ምክትላቸው በስተግራ መሆናቸው በፕሮቶኮል ተረጋግጦ ሳንቃው ጸደቀ። ስድስት ፊርማ ተፈረመ።

በማግስቱ በጥቁር ቀለም የመጀመሪያው ወረቀት ታትሞ ቀረበ። ክቡር ዳይሬክተር ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ክቡርነታቸው በግራ ናቸው። በቀኝ፣ በክብሩ ቦታ፣ ምክትሉ ወደ ውስጥ እየተመለከቱ ተቀምጠዋል።

«እኔ በቀኝ ነበርኩ!»

«ሳንቃ ላይ በቀኝ ያለ ወረቀት ላይ በግራ ነው የሚወጣው» አለች ቀራጯ። «ማህተምም እኮ እንደዚሁ ነው፤ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው።»

«ይህን ያጸደቀው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ» አልኩ እኔ። ይህን ማለት እንዳልነበረብኝ ከአስተያየታቸው ገባኝ።

ምክትሉ ያን ቀን ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም። ክርክሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የተላለፈውን ውሳኔ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ሳንቃው በአግባቡ የጸደቀ በመሆኑ ሊሳሳት አይችልም። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሥዕሉን የሚመለከት ማንኛውም ሰው በመስታወት እንዲመለከተው፤ ለዚህም መስታወት ከሥዕሉ ጋር እንዲላክ።» መስታወቱ ከመሥሪያ ቤታችን መታጠቢያ ቤት ተነቀለ። ውሃ ከጠፋ ወዲህ እዚያ ገብቶ ፊቱን የሚያይ ደፋር ስላልነበረ ማንም አልተጎዳም።

ከቀለሞቹ ሳንቃዎች ለሰማዩ የሚሆነው ሰማያዊው ብቻ እንዲቀር ተወስኖ ወደ ንብረት ክፍል ተላከ፤ ማንኛውም ንብረት ሳይመዘገብ ሥራ ላይ አይውልምና። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሳንቃውን አገላብጠው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠርዙ ተጎድቷል፤ አልረከብም።»

«ጉዳት አይደለም» አለች ቀራጯ። «ሁለቷን ጭረቶች እኔ ነኝ የቀረጽኳቸው። የወረቀቱ ጥግ እነሱ ላይ ሲያርፍ ነው ቀለሙ በቦታው የሚወድቀው። ላይና ታቹም የሚታወቀው በነሱ ነው። ያለ እነሱ ሥራው የለም።»

«ልጄ፣ ቅጹን ተመልከቺ። 'ጉዳት ያለው' ይላል፤ 'ጉዳት የሌለው' ይላል። 'ጭረት ሆን ተብሎ የተደረገለት' የሚል ቦታ አለ?»

«የለም።»

«በቃ፣ የለማ!»

ቀራጯ የውሃ ተራዋ ደርሶ ለሁለት ሰዓት ወደ ቧንቧው ሄደች። ስትመለስ አናጺው የሳንቃውን ጠርዝ ዙሪያውን በመጋዝ ከርክሞ፣ በመላጊያ አለስልሶ፣ ንብረት ክፍሉም «ጉዳት የሌለው» ብሎ ተረክቦት ጠበቃት። አራት ማዕዘን፣ ልሙጥ፣ ከየትም በኩል ቢያዩት አንድ ዓይነት። ቁጭ ብላ ጠርዙን ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እሺ፣ አሁን ወረቀቱ በምን ይመራ?» አለች በመጨረሻ።

«በግምት» አሉ ኃላፊው። «ስንቱ ነገር በግምት እየሄደ አይደል እንዴ!»

የሰማያዊው ቀለም ሕትመት በታላቅ ሥነ ሥርዓት፣ በአዳራሹ ውስጥ፣ በካሜራ ፊት ተካሄደ። ወረቀቱን በሳንቃው ላይ የሚያነጥፉት የክብር እንግዳው፣ ማለትም ክቡር ዳይሬክተር፣ እንዲሆኑ በፕሮግራሙ ተይዟል። ንግግር አደረጉ።

«ዛሬ የምናትመው ቀለም አይደለም» አሉ፤ «ነገን ነው! ነገ ደግሞ ሰማያዊ ነው!»

ለምን ሰማያዊ እንደሆነ አልገባንም፤ አጨበጨብን። ክቡርነታቸው ጥቁሩ ቀድሞ የታተመበትን እርጥብ ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ካሜራው ዞረው፣ ፈገግ ብለው፣ የካሜራ ባለሙያው «አንዴ ወደዚህ» ሲላቸው ወደዚያ ዞረው፣ «አሁን ወደዚያ» ሲላቸው ወደዚህ ዞረው፣ በመጨረሻ ወረቀቱን በክብር ሳንቃው ላይ ጣል አደረጉት።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ላዩ ታች ሆነ!» ብላ ጮኸች ቀራጯ።

«ሹ! ካሜራ እየሠራ ነው!» አሏት ኃላፊዋ።

ታሸ። ተላጠ። ከፍ ተደርጎ ለሕዝብ ታየ።

ሰማዩ ከታች ነበር። ከላይ ምንም የለም፤ ነጭ ወረቀት። ከታች ግን መንገዱ፣ ገበያው፣ የቧንቧው ወገብ ሁሉ በሚያምር ሰማያዊ ተጥለቅልቋል። መላጣው ሰውዬ እስከ ወገባቸው ሰማያዊ ውስጥ ገብተው ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ምክትሉ በሰማያዊው ላይ ተቀምጠው ተኝተዋል።

ክቡር ዳይሬክተር ቀስ ብለው «ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ውሃ ነው!» አሉ ኃላፊዋ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ክቡር ዳይሬክተር፣ ከተማችን ውሃ በውሃ ሆነ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ቀራጯ በመሃል ገብታ እጇን አወናጨፈች።

«የኛ ችግር እኮ ውሃ ማጣት ነው! ይህን ያየ ማን ሞተር ይሰጠናል? አንድ ሰዓት ስጡኝና ሌላ ላትም፤ በእናታችሁ!»

«ልጄ» አሉ ክቡር ዳይሬክተር፣ በአባትነት ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «ችግርን ብቻ ማሳየት ኋላ ቀርነት ነው። እኛ ችግራችንን ከነመፍትሔው አሳየን። ደግሞስ ቴሌቪዥን ያየውን እንዴት ብለን እንመልሰው?»

ሥዕሉ ከነመስታወቱ ተላከ።

ያን ምሽት ቀራጯ ቤታችን መጥታ የሆነውን ለእህቷ ስትነግራት መናገር አቅቷት በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «ሰማዩን አፈሰሱት! ወረቀቱን እንደ ምንጣፍ ጣል አድርገው ሰማዩን ከተማው ላይ አፈሰሱት!» ባለቤቴም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም የመሥሪያ ቤቴን ክብር ረስቼ ሳቅኩ። ሳቃችን ጋብ ሲል ባለቤቴ ዓይኗን ጠረገችና «ሞተሩስ?» አለች። ያኔ ነው የፈራሁት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከነደብዳቤው ግቢያችን ገባ። ሸራ ተሸፍኗል። የከተማው ሕዝብ ግር ብሎ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ባለቤቴ ከሰው መሃል እጇን እያውለበለበች «ሞተሩ ነው አይደል?» ትለኛለች። ደብዳቤውን ከፍ ባለ ድምፅ እንዳነብ ታዘዝኩ።

«የላካችሁትን ሥዕል በጥሞና ተመልክተነዋል» ይላል። «ከደረሱን ሥዕሎች ሁሉ እንደ እናንተው ልብ የሚሰብር አላየንም። ከተማው በጎርፍ ተውጦ፣ ሕዝቡ አንድ ሳይቀር አልቆ፣ አንድ መላጣ ምስኪን የተረፈችውን ንብረቱን በቦርሳ ይዞ እስከ ወገቡ ሰጥሞ ሲቆም፣ አንድ ሽማግሌም በድካም ዝሎ ውሃ ላይ ሲያንቀላፋ ማየት እጅግ ያሳዝናል። በዚያ መከራ መሃል ሆናችሁ መስታወት በስጦታ መላካችሁ ደግሞ አስለቅሶናል። በመሆኑም አንደኛ ወጥታችኋል። አንድ የነፍስ አድን ጀልባ ልከናል። ጎርፉ እንዳይባባስም በሥዕሉ መሃል የሚታየው ቧንቧ በባለሙያዎቻችን ባስቸኳይ እንዲታሸግ አዘናል። በዚህ ዙር የነበረን አንድ የውሃ ሞተር ባዶ ባልዲ ሥሎ ለላከው ለጎረቤታችሁ ከተማ የተሰጠ መሆኑን እንገልጻለን።»

ከመኪናው የወረዱት ባለሙያዎች ቧንቧውን ለማሸግ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ ለዚያ ቧንቧ ባለሙያ ሲመጣለት የመጀመሪያው ነው።

ሸራው ተገፎ ጀልባው ደረቁ ግቢ ላይ ወረደ። ብርቱካናማ ነው፤ ያምራል። ክቡር ዳይሬክተር በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡበትና ከውስጡ ቆመው ንግግር አደረጉ። ብዙ ተናገሩ፤ እኔ የያዝኩት መደምደሚያውን ነው፦ «እነሆ ጀልባው ደርሷል። አሁን የቀረን ውሃው ብቻ ነው!» እልል ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ የሁለት ሰዓት መንገድ እየሄዱ ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። የባለቤቴ ጫማ በሳምንት አለቀ። መሥሪያ ቤታችንም አልተኛም። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሥራ ላይ ያልዋለ ንብረት እንደሚያስጠይቃቸው አስታውሰው ለበላይ መሥሪያ ቤት አጭር ማመልከቻ ጻፉ፦ ጀልባው ውሃ የለውም፤ ውሃ ይፈቀድለት። መልሱ በስምንት ቀን መጣ። ከመልሱ ጋር ሦስት ቦቴ ውሃ መጣ። ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በንጹህ ውሃ ተሞልቶ፣ ጀልባው በክብር ተንሳፈፈበት። ጥበቃም ተመደበለት።

ይህን የሰማች ባለቤቴ ጄሪካኗን ይዛ ከእህቷና ከሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ጋር መጣች። እኔ ከቢሮዬ ደብተሬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ቆቡን አነሳላቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ውሃ የጀልባው ነው።»

«ጀልባው ይጠጣል እንዴ?» አለች ባለቤቴ።

«አይጠጣም» አለ ጥበቃው፣ እሱም አፍሮ። «ግን ማመልከቻ አለው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ አርባ ሦስቱም ባዶ ጄሪካናቸውን እየደበደቡ እስኪያማቸው ሳቁ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ዞረች። ደብተሬን ከፈትኩና ቀኑን ጻፍኩ፤ እጄ የለመደው ይህንኑ ነው። ቀራጯ ከጥጉ ሆና በእርሳስ ትሥል ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ሥዕል በየቤቱ ተለጠፈ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልገመገመውም። ዳይሬክተሩ ጀልባ ላይ ቆመው ይናገራሉ፤ ጥበቃው ቆቡን አንስቷል፤ ሴቶቹ በሙሉ አሉ፤ ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ሰማዩም በቦታው ነው። ሕዝቡ እያየ ይስቃል። መሥሪያ ቤታችን ሥዕሉ ባስቸኳይ እንዲሰበሰብ ወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ያዝኩ። ሰብሳቢዎቹ በየበሩ ሲያንኳኩ ግን አይቶት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ከሥዕሉ ጥግ አንድ ሰው አለ። ከጀልባውም ከሴቶቹም ፊቱን አዙሮ፣ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።

«ይሄ ማነው?» አልኳት ቀራጯን።

«ማን ይመስልሃል ጋሼ?»

«በናትሽ እሱን እንኳ ቀንሺው።»

«ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ እያዘነችልኝ። «ሁለት መቶ ቅጂ ወጥቷል።»

አንዱ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ አንድ በአንድ እያሳየች ታስተዋውቃለች፤ ጥጉ ላይ ስትደርስ ጣቷን እዚያ ሰው ላይ ታሳርፍና «ይሄ ደግሞ ባሌ ነው» ትላለች፤ «ሁሉንም አይቷል።»